ከቫይታሚኑ በፊት የሚመጣው ሞለኪውል

የሜታቦሊዝም፣ ማለትም በሴል ውስጥ የሚካሄዱ የኬሚካል ለውጦች፣ ሰንጠረዥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በየላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፣ በቀስት የተጨናነቀው ትልቅ ወረቀት ማለቴ ነው። ሰው ሲያየው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በሚያውቃቸው ስሞች ላይ ነው። ግሉኮስ፣ ኮሌስትሮል፣ ቫይታሚኖቹ። በመካከል ያሉትን ብዙም ልብ የሚላቸው የለም። ከአንዱ ተሠርተው ወዲያው ወደ ሌላ የሚለወጡ፣ በራሳቸው ታሪክ የሌላቸው ነገሮች ይመስላሉ። እኔ ግን ከነዚህ መካከለኛ ውህዶች አንዱን በጣም እወደዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለሱ ነው።

ስሙ 5-አሚኖ-6-ሪቢቲልአሚኖዩራሲል ይባላል። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው 5-ኤ-አርዩ ብለው ያሳጥሩታል፤ እኛም እንደዚያው እንጥራው። ባክቴሪያዎች፣ ፈንገሶችና ተክሎች ቫይታሚን ቢ2ን፣ ማለትም ሪቦፍላቪንን፣ ሲሠሩ በዚህ ውህድ በኩል ያልፋሉ። ከቫይታሚኑ የሚቀድመው በሁለት እርምጃ ብቻ ነው። ጠንካራ ነገር አይደለም። ውሃ ውስጥ አሟሙተው ቢተውት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቶሎ ይበላሻል። እንዲህ ደካማ ሆኖ ግን ብዙ ነገር የተንጠለጠለው በሱ ላይ ነው። የኛ በሽታ ተከላካይ ሴሎች የሱን ምልክት ይፈልጋሉ። የአንዳንድ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ሥራ ከሱ ጋር የተያያዘ ነው። ከሱ በአንድ እርምጃ የሚገኘው ውህድ ደግሞ የአንዳንድ የባሕር ባክቴሪያዎችን ብርሃን ቀለም ይለውጣል።

መጀመሪያ ስለ ቫይታሚኑ ጥቂት ልበል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1879 እንግሊዛዊው ኬሚስት አሌክሳንደር ዊንተር ብላይዝ ወተት ውስጥ አንድ ቢጫ ቀለም ማግኘቱን ጻፈ። ቀለሙ ቫይታሚን መሆኑን ለማወቅ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ1933 ሪቻርድ ኩን፣ ፖል ጂዮርጊና ቴዎዶር ቫግነር-ያውሬግ አንጥረው አወጡት። በ1935 ደግሞ ኩን በጀርመን፣ ፖል ካረር በስዊዘርላንድ፣ በየፊናቸው በላቦራቶሪ ሠሩት። ሁለቱም በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ፤ ካረር የ1937ቱን፣ ኩን የ1938ቱን።

ሰውነታችን ሪቦፍላቪንን ከተቀበለ በኋላ ኤፍኤምኤን እና ኤፍኤዲ ወደሚባሉ ሁለት ቅርጾች ይለውጠዋል። እነዚህ በብዙ ኢንዛይሞች፣ ማለትም የኬሚካል ለውጦችን በሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ ውስጥ ተቀምጠው ኤሌክትሮን ይቀበላሉ፣ ያቀብላሉ። ምግብ ወደ ጉልበት ሲለወጥ እነሱ የሌሉበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ከ1 ሚሊግራም ትንሽ ከፍ የሚል መጠን ነው። ያቺን ታክል ግን ራሳችን መሥራት አንችልም። እኛም ሆንን ሌሎች እንስሳት የአሠራሩ ኢንዛይሞች የሉንም። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ትልቅ ትሆናለች።

አሁን ቫይታሚኑ ወደሚሠራበት መንገድ እንግባ። መነሻው ጂቲፒ ነው። ሴሎች አርኤንኤን የሚገነቡበት፣ በየሥራው የሚጠቀሙበት የታወቀ ሞለኪውል ነው። የመጀመሪያው ኢንዛይም ከጂቲፒ ሁለት የአቶም ቀለበቶች ትንሹን ይከፍተዋል። አንድ ካርቦን በፎርሚክ አሲድ መልክ ይወጣል። ሁለት ፎስፌቶችም ይረግፋሉ። ቀጥሎ ሁለት ለውጦች አሉ። አንዱ አንድ የአሚኖ ክፍል አውጥቶ በኦክስጅን ይተካል። ሌላው የስኳሩን ቀለበት ፈትቶ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያደርገዋል። ደስ የሚለው፣ ባክቴሪያዎች አሚኖውን በማውጣት ይጀምራሉ፤ እንደ እርሾ ያሉ ፈንገሶች ደግሞ ስኳሩን በመፍታት። ቅደም ተከተላቸው ተገላብጦ የሚደርሱበት ቦታ ግን አንድ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ፎስፌት ብቻ ይቀራል። እሱ ሲነሳ 5-ኤ-አርዩ ይወለዳል። ይህን የመጨረሻውን ፎስፌት የሚያነሳው ኢንዛይም ማን እንደሆነ ለብዙ ዓመታት አልታወቀም ነበር። የተቀረው መንገድ ተጠንቶ፣ ኢንዛይሞቹ ተለይተው፣ ቅርጻቸው ተሥሎ፣ ይህቺ አንዲት ቦታ ባዶ ሆና ቆየች። በ2013 ነው ከባክቴሪያ ሥራውን መሥራት የሚችሉ ኢንዛይሞች የተገኙት። የተገኙትም ብዙ ዓይነት ፎስፌት ከሚያነሱ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላት መካከል ነበር። ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ አንድ ኢንዛይም ሲፈለግ፣ ሥራው ለካ ብዙ ነገር በሚችሉ ኢንዛይሞች ይከናወን ነበር። እንዲህ ዓይነት ክፍተት እኔን በጣም ይስበኛል። በሰንጠረዡ ላይ አንዲት አጭር ቀስት ናት። ከኋላዋ ግን የብዙ ሰው የብዙ ዘመን ፍለጋ አለ።

በሌላ በኩል ሁለተኛ ጥሬ ዕቃ ይዘጋጃል። ሪቡሎስ ፎስፌት የሚባል ባለ አምስት ካርቦን ስኳር አለ። አንድ ኢንዛይም ከሱ አንድ ካርቦን አውጥቶ ባለ አራት ካርቦን ያደርገዋል። የሚወጣው ካርቦን ዳር ላይ ያለው ቢሆን አይገርምም ነበር። የሚወጣው ግን አራተኛው ነው። ማለትም ኢንዛይሙ ሰንሰለቱን ከውስጥ ቆርጦ፣ አንዱን አቶም አስወጥቶ፣ የቀሩትን መልሶ ይገጥማቸዋል። ለዚህ ሁሉ የሚረዳው ማግኒዚየም ነው። ይህ ባለ አራት ካርቦን ቁራጭ ከ5-ኤ-አርዩ ጋር ሲጣመር ሪቢቲልሉማዚን የሚባል ውህድ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ሉማዚን እያልኩ እጠራዋለሁ። አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በ1950ዎቹ ማሱዳ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ሪቦፍላቪን በብዛት ከሚያመርት ፈንገስ ውስጥ ያገኘው በዚሁ አረንጓዴ ብርሃን ተመርቶ ነው።

የመጨረሻው እርምጃ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ከማውቃቸው የኬሚስትሪ ሥራዎች ሁሉ እንደዚህ የሚያስደስተኝ ጥቂት ነው።

ሪቦፍላቪን ሦስት ቀለበት አለው። ሉማዚን ያለው ሁለት ነው። ሦስተኛውን ቀለበት ለመሥራት አራት ካርቦን ይጎድላል። ሴሉ እነዚህን አራት ካርቦኖች ከየት ያመጣል? ከሌላ ሉማዚን። ኢንዛይሙ ሁለት አንድ ዓይነት ሉማዚኖችን ፊትና ኋላ አዙሮ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። አንደኛው አራት ካርቦኖቹን ለሁለተኛው ይሰጣል። የተቀበለው ሪቦፍላቪን ይሆናል። የሰጠውስ? ተመልሶ 5-ኤ-አርዩ ይሆናል። ያው ከአንድ እርምጃ በፊት የነበረው መካከለኛ ውህድ። እሱም አዲስ ባለ አራት ካርቦን ቁራጭ ተቀብሎ እንደገና ሉማዚን መሆን ይችላል።

ሁለቱ ሞለኪውሎች ሲጀምሩ ምንም ልዩነት አልነበራቸውም። ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሚሆን የሚወስነው በኢንዛይሙ ውስጥ የተቀመጡበት ቦታ ብቻ ነው። በዚህ መሐል ለአፍታ ሁለቱ ተጋጥመው ባለ አምስት ቀለበት አንድ ሞለኪውል ይሆናሉ፤ ከዚያ ነው በሌላ በኩል የሚሰነጠቁት። ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን ትንሽ አበላሽተው ይህንን ባለ አምስት ቀለበት ነገር መያዝ ችለዋል።

ሌላም አለ። ይህ ሁሉ የአቶም ልውውጥ ያለ ኢንዛይምም ይሆናል። ሉማዚንን ውሃ ውስጥ አሟሙቶ ማፍላት ብቻ ይበቃል። ቀስ ይላል እንጂ ሪቦፍላቪን ይወጣል። ይህ በ1960ዎቹ ነው የታየው። የልውውጡ ዝንባሌ ከመጀመሪያውም በሞለኪውሉ ቅርጽ ውስጥ አለ ማለት ነው። ኢንዛይሙ የሚያደርገው ቦታ አስይዞ ማፋጠን ነው። ከዚህ ተነስተው ሪቦፍላቪንን የመሰሉ ሞለኪውሎች ከሕይወት መጀመሪያ በፊትም ሊገኙ ይችሉ ነበር ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። እኔ እርግጠኛ መልስ አልጠብቅም። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው እላለሁ፤ በፈላ ውሃ ብቻ የሚሆን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሆን ሴል መጠበቅ የለበትም።

ሉማዚንን የሚሠራው ኢንዛይም ራሱ መታየት ያለበት ነው። በብዙ ባክቴሪያዎች ውስጥ 60 ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ተገጣጥመው ውስጡ ክፍት የሆነ ሉል ይሠራሉ። አምስት አምስት ሆነው 12 ቡድን ነው። የአንዳንድ ቫይረሶችን ቅርፊት ይመስላል። ስፋቱ ወደ 16 ናኖሜትር ይሆናል። ባሲለስ ሰብቲሊስ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻውን እርምጃ የሚሠራው ኢንዛይም በዚሁ ሉል ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የእርሾው ኢንዛይም ግን ሉል አይሠራም፤ አምስት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሉል አሁን ከቫይታሚን ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ሥራ ላይ ውሏል። የክትባት ተመራማሪዎች በእያንዳንዱ ፕሮቲን ጫፍ ላይ ከኤችአይቪ የተወሰደና የተስተካከለ ቁራጭ ሰክተው፣ በአንድ ሉል ላይ 60 ቁራጭ ደረደሩ። የመከላከያ ሥርዓታችን እንዲህ ተደጋግሞ የተደረደረን ነገር ከነጠላው በተሻለ ያያል። በመጀመሪያው የሰው ሙከራ ክትባቱን ከወሰዱት 36 ሰዎች በ35ቱ ውስጥ የተፈለጉት ዓይነት ሴሎች ነቁ። ውጤቱ በ2022 ታትሟል። እነዚህ ሴሎች ገና የመጀመሪያ እርከን ናቸው፤ ክትባቱ ኤችአይቪን ይከላከላል ለማለት ረጅም መንገድ ይቀራል። ሆኖም ቫይታሚን ለመሥራት የተፈጠረ ፕሮቲን እዚህ መድረሱ ያስደንቀኛል።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጀመረኝ ጉዳይ ልምጣ።

በደማችን ውስጥ ማይት የሚባሉ ሴሎች አሉ። ቲ ሴል ከሚባሉት የበሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት ናቸው። የተለመዱት ቲ ሴሎች የፕሮቲን ቁርጥራጭ ነው የሚያዩት፤ እያንዳንዱም የየራሱ መለያ ተቀባይ አለው። ማይት ሴሎች ግን ከሰው ሰው በጣም የሚመሳሰል፣ ብዙም የማይለዋወጥ ተቀባይ ይዘዋል። ቁጥራቸውም ትንሽ አይደለም። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ በአብዛኛው ከ1 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ቲ ሴሎች እነሱ ናቸው። በጉበት ውስጥ ከዚያም በጣም ይበዛሉ። በሳንባ፣ በአንጀትና በቆዳም አሉ። የሚያዩትን ነገር የሚያቀርብላቸው ኤምአር1 የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በአጥቢ እንስሳት ዘንድ ብዙም ሳይለወጥ የቆየ ነው። እንዲህ ሳይለወጥ የሚቆይ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዋና ሥራ ይዟል። ግን ምን ይዞ ነው የሚያቀርበው?

ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረም። ፍንጮች ግን ነበሩ። በ2003 አንድ ጥናት ከማንኛውም ጀርም ተጠብቀው ያደጉ አይጦች ማይት ሴል እንደሌላቸው አሳየ። ስለዚህ ነገሩ ከጀርሞች ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። በ2010 ደግሞ ማይት ሴሎች በብዙ ባክቴሪያዎችና በእርሾ እንደሚነቁ ታየ። በኢ ኮላይ ይነቃሉ። በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ይነቃሉ። በኢንተሮኮከስ ፌካሊስ ግን አይነቁም። በአንዳንድ ስትሬፕቶኮከሶችም አይነቁም። እነዚህን የሚለያቸው ምንድን ነው?

በ2012 በአውስትራሊያ ሜልቦርን የሚገኙ ተመራማሪዎች የኤምአር1ን ጓዳ ከፍተው አዩ። ውስጡ ያገኙት የፕሮቲን ቁራጭ አልነበረም። ከቫይታሚን ቢ ቤተሰብ የመጣ ትንሽ ሞለኪውል ነበር። መጀመሪያ ያገኙት ፎሊክ አሲድ ሲፈራርስ የሚወጣ ነገር ነው፤ ሴሎቹ ካደጉበት ፈሳሽ የገባ። እሱ ኤምአር1 ላይ ይቀመጣል እንጂ ማይት ሴሎችን አያነቃም። የሚያነቁት ከሪቦፍላቪን አሠራር መንገድ የሚመጡት ሆነው ተገኙ። በዚያን ጊዜ ማይት ሴልን የሚያነቁትና የማያነቁት ባክቴሪያዎች ልዩነት ግልጽ ሆነ። የሚያነቁት ሪቦፍላቪን የሚሠሩት ናቸው። የማያነቁት መሥራት የማይችሉት ናቸው።

በ2014 ነገሩ ይበልጥ ጠራ። ተመራማሪዎቹ የመንገዱን ጂኖች እየነቀሉ ባክቴሪያዎቹን ሞከሩ። 5-ኤ-አርዩ ድረስ መድረስ ያልቻለ ባክቴሪያ ማይት ሴልን ማንቃት አልቻለም። ማይት ሴሎች የሚያዩት ግን ራሱን 5-ኤ-አርዩን አይደለም። 5-ኤ-አርዩ ሜቲልግላይኦክሳል ከሚባል ትንሽ ሞለኪውል ጋር ሲገናኝ፣ ያለ ምንም ኢንዛይም፣ ይጣመራል። ሜቲልግላይኦክሳል ስኳር ሲፈጭ የሚወጣ ትርፍ ነገር ነው። በባክቴሪያም በእኛም ሴሎች ውስጥ አለ። ከሁለቱ የሚወለደው 5-ኦፒ-አርዩ ይባላል።

ይህ ውህድ በጣም ያልተረጋጋ ነው። ውሃ ውስጥ ከተተወ ብዙም ሳይቆይ ቀለበቱን ዘግቶ ከሉማዚን ቤተሰብ የሆነ ሌላ ነገር ይሆናል። ከመዘጋቱ በፊት ኤምአር1 ካገኘው ግን ታሪኩ ይለወጣል። ኤምአር1 ውስጥ አንድ ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ በተራ ቁጥር 43ኛው። ላይሲኑ 5-ኦፒ-አርዩን በኬሚካላዊ ቦንድ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ አይፈራርስም። ኤምአር1 ራሱም ይህ እስኪሆን ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሴሉ ገጽ አይወጣም፤ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ሲይዝ ቅርጹ ይስተካከላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ለማይት ሴል ያሳያል።

ይህን ጥናት ያነበብኩ ሰሞን ስለዚህ ነገር ያላወራሁት ሰው አልነበረም። ዛሬም ስመለስበት ያው ይገርመኛል። አስቡት፤ ቫይታሚኑ ራሱ ሪቦፍላቪን ማይት ሴሎችን አያነቃም። ቢያነቃ ኖሮ ችግር ነበር። ሪቦፍላቪን በደማችን፣ በየሴላችን፣ ሁልጊዜ አለ። ስለ ባክቴሪያ የሚናገረው ምንም ነገር የለም። 5-ኤ-አርዩ ግን እኛ ጋ አይሠራም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ላይ ነው የምትጠቅመው። እኛ ይህ መንገድ ስለሌለን፣ መካከለኛው ውህድ ሰውነታችን ውስጥ ከታየ፣ አንድ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር በአቅራቢያው ቫይታሚን እየሠራ ነው ማለት ነው። ቫይረስ ይህን አይሠራም። የራሳችን ሴልም አይሠራም። እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም እንደሚባለው ነው።

ደግሞም ያለመረጋጋቱ ነው ምልክቱን ጥሩ ያደረገው ብዬ አምናለሁ። ለሳምንታት የሚቆይ ሞለኪውል ቢሆን ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ ማስደንገጡን በቀጠለ ነበር። 5-ኦፒ-አርዩ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ እሱ ካለ ሥራው አሁን እየተካሄደ ነው። እንዲህ ብለው የጻፉ ሰዎች ካሉ አልከራከርም፤ እኔ ግን በራሴ ሳስበው የደረስኩበት ነው።

ማይት ሴሎች ሁልጊዜ ጠብ ፈላጊ አይደሉም። በ2019 የወጡ ሁለት ጥናቶች ይህን ምስል ሰፋ አድርገውታል። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ማይት ሴሎች በደንብ እንዲያድጉ ገና በለጋ ዕድሜ ሪቦፍላቪን ከሚሠሩ ባክቴሪያዎች ጋር መገናኘት አለባቸው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ባክቴሪያዎቹ ቢመጡም ቁጥራቸው እንደሚገባው አይሆንም። የባክቴሪያዎቹ 5-ኦፒ-አርዩ ከአንጀት ተነስቶ ቲ ሴሎች የሚሠለጥኑበት ታይመስ ድረስ እንደሚደርስም ታየ። ያ ለጥቂት ሰዓት እንኳ መቆየት የሚያቅተው ሞለኪውል ማለት ነው። ከቆዳ ላይ ያሉት ማይት ሴሎች ደግሞ ቁስል እንዲድን ያግዛሉ። ስለዚህ ምልክቱ ለነሱ ሁልጊዜ «ጠላት መጣ» ማለት አይደለም። አንዳንዴ «ጎረቤቶቹ ደህና ናቸው» የሚል ነው የሚመስለው።

5-ኤ-አርዩ ወደ ሪቦፍላቪን ብቻ አይደለም የሚሄደው። ሌላ ቅርንጫፍ አለው። አንዳንድ ፍጥረታት ከአሚኖ አሲዱ ታይሮሲን ጋር አጣምረው ኤፍ420 የሚባል ኮኤንዛይም፣ ማለትም ኢንዛይሞችን በሥራቸው የሚያግዝ ሞለኪውል፣ መሠረት ይሠሩበታል። ስሙን ያገኘው የሞገድ ርዝመቱ 420 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ሚቴን ጋዝ የሚያመነጩት አርኬያዎች፣ ባክቴሪያ የሚመስሉ ግን የተለዩ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ያለ እሱ ሥራቸው አይሄድም። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆነው የሚያበሩትም በሱ ምክንያት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም ኤፍ420 አለው። ዴላማኒድና ፕሬቶማኒድ የሚባሉት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች ሲወሰዱ ገና መርዝ አይደሉም። ባክቴሪያው ውስጥ ገብተው በኤፍ420 የሚሠራ ኢንዛይም ሲለውጣቸው ነው የሚገድሉት። ባክቴሪያው ኤፍ420 መሥራት ካቆመ መድኃኒቶቹ አይሠሩበትም፤ አንደኛው የመላመድ መንገድም ይኸው ነው። እዚህም ከሥር ያለው 5-ኤ-አርዩ ነው።

ሉማዚንም የራሱ ዓለም አለው። ፎቶባክቴሪየም የሚባሉ የባሕር ባክቴሪያዎች ብርሃን ያመነጫሉ። ኢንዛይማቸው ብቻውን ሲሠራ የብርሃኑ ጫፍ ወደ 495 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ሉማዚን የያዘ ሌላ ፕሮቲን ሲጨመርበት ግን ወደ 475 ገደማ ይወርዳል። ብርሃኑ ይበልጥ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይደምቃልም። ሰማያዊ ደግሞ ባሕር ውስጥ ሩቅ የሚሄደው ቀለም ነው። ለሌሎች ፍጥረታት ወደ ቫይታሚን መሸጋገሪያ የሆነው ሉማዚን እዚህ ራሱ ሥራ ተሰጥቶታል።

የፋብሪካውን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ዛሬ ለምግብና ለእንስሳት መኖ የሚውለው ሪቦፍላቪን በአብዛኛው የሚመረተው በጀርሞች ነው። አሽቢያ የተባለ ፈንገስና ባሲለስ ሰብቲሊስ ዋነኞቹ ናቸው። ድሮ የነበረውን ብዙ እርከን ያለው ኬሚካላዊ አሠራር ተክተውታል። አሽቢያ በመጀመሪያ የሚታወቀው የጥጥ ተክል በሽታ ሆኖ ነበር። በብዛት ሲያመርት ቀለሙ ጉልህ ቢጫ ነው።

ይበልጥ የማስበው ግን ስለ መድኃኒት ነው። መንገዱ እኛ ጋ ስለሌለ፣ እሱን የሚዘጋ መድኃኒት ባክቴሪያውን ነክቶ እኛን ይተወናል ተብሎ ይጠበቃል። እንደ ኢ ኮላይ ያሉት ደግሞ ሪቦፍላቪንን ከውጭ መውሰድ አይችሉም፤ ራሳቸው ካልሠሩ ይሞታሉ። ስለዚህ ኢንዛይሞቹን አንድ በአንድ የሚዘጉ ሞለኪውሎች ሲፈለጉ ቆይተዋል። አንድ ሌላ መንገድም ተሞክሯል። ብዙ ባክቴሪያዎች ሪቦፍላቪን ሲበቃቸው የሚያውቁት በአርኤንኤያቸው በኩል ነው፤ አርኤንኤው ኤፍኤምኤንን በቀጥታ ይይዝና የጂኖቹን ሥራ ያቆማል። በ2015 ሪቦሲል የተባለ ሰው ሠራሽ ሞለኪውል ይህን አርኤንኤ እንደሚያታልል ታየ። ባክቴሪያው ቫይታሚን የበቃው ይመስለዋል፤ መሥራቱን ይተዋል።

ማይት ሴሎችን ካወቅን በኋላ ግን ጥያቄው መንገዱን መዝጋት ብቻ አይደለም። የት ላይ ነው የምንዘጋው? የመጀመሪያውን ኢንዛይም የሚዘጋ መድኃኒት 5-ኤ-አርዩም እንዳይሠራ ያደርጋል። ባክቴሪያው ይዳከማል፣ ግን ከማይት ሴሎች ዓይን ይሰወራል። ከ5-ኤ-አርዩ በኋላ ያለውን፣ ሉማዚን የሚሠራውን ኢንዛይም ብንዘጋስ? ቫይታሚኑ ይቋረጣል፣ 5-ኤ-አርዩ ግን መሠራቱ አይቀርም። እንዲያውም መሄጃ አጥቶ ሊጠራቀም ይችላል። ከዚያ ሜቲልግላይኦክሳል ያገኘዋል። ባክቴሪያው ተርቦም እያለ ያለበትን ቦታ ይናገራል። እኔ መድኃኒት ሠሪ ብሆን መጀመሪያ የምሞክረው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ማይት ሴሎች ባሉበትና በሌሉበት፣ ባክቴሪያው ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት እፈልጋለሁ።